ሲጋራ ደጅ ከወጣ በኋላ፦ ከጭስ ነፃ የመሃል ከተማ ክልል እንዴት ይሰመራል?

አየርላንድ በ2004 በሥራ ቦታ ውስጥ ማጨስን በአገር ደረጃ ስትከለክል አጫሹ አልጠፋም፤ ከቤት ወጥቶ ደጃፍ ላይ ቆመ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ተመሳሳይ ሕግ ባወጡ ከተሞችም የሆነው ይኸው ነው። የቢሮው፣ የምግብ ቤቱና የሱቁ ጭስ እግረኛ መንገድ ላይ ተሰበሰበ፤ በሩ በተከፈተ ቁጥርም ከፊሉ ተመልሶ ይገባል። አሁን በብዙ የከተማ ምክር ቤቶች ጠረጴዛ ላይ ያለው ጥያቄ የዚያ ጉዳይ ተከታይ ነው፦ ክልከላው ከበሩ አልፎ ወደ አደባባዩ፣ ወደ ፌርማታው፣ ወደ እግረኛ መንገዱና ወደ ካፌው በረንዳ ይስፋ ወይስ አይስፋ?

ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚጋጋለው በቅጣቱ መጠን ላይ ነው። ከቅጣቱ በፊት ግን መልስ የሚፈልጉ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። ጭሱን ሸሽቶ መሄድ የማይችል፣ እዚያው ቆሞ ወይም ተቀምጦ የሚቆይ ሰው ያለው የት ነው? ደግሞስ ለከተማው እንግዳ የሆነ አጫሽ ክልሉ የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ማንንም ሳይጠይቅ ማወቅ ይችላል? ደንቦቹ የሚከሽፉት ከሞላ ጎደል ከሁለቱ በአንዱ ምክንያት ነው።

ጭስ ደጅ ላይ ምን ያደርጋል?

“ደጅ ነው፤ ነፋስ ይወስደዋል” የሚለው ሙግት ግማሽ እውነት አለው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የደጅ ጭስን ለክተው በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ ሲጋራ ከሚያጨስ ሰው ግማሽ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ርቀት ላይ ነፋሱ በሚሄድበት በኩል የተቀመጠ ሰው የሚተነፍሰው የደቂቅ ብናኝ መጠን፣ ቤት ውስጥ ሲጨስ ከሚገኘው ጋር ሊቀራረብ እንደሚችል አሳይተዋል። ርቀቱ ከ2 ሜትር ሲያልፍ ግን መጠኑ በጣም ይወርዳል። ሲጋራው ሲጠፋም ጭሱ ቤት ውስጥ እንደሚያደርገው ተንጠልጥሎ አይቆይም፤ ወዲያው ይበተናል።

ይህን ወደ እግረኛ መንገድ አውርደን እንየው። አንድ ሰው በመደበኛ እርምጃ በሰከንድ 1.4 ሜትር ያህል ይራመዳል። ከአጫሹ በፊት 2 ሜትር፣ ካለፈው በኋላ 2 ሜትር፣ በድምሩ 4 ሜትር የጭስ ክልል ቢኖር አላፊው በ3 ሰከንድ ያልፈዋል። ያስለዋል፣ ያስከፋዋል፤ የአስም ሕመምተኛ ከሆነም ሊቀሰቅስበት ይችላል። ለብዙው ጤነኛ መንገደኛ ግን አደጋው ትንሽ ነው። በአንጻሩ ፌርማታ ላይ 15 ደቂቃ ተሰልፎ የቆመው ሰው ከፊቱ ያለው አጫሽ የሚርቀው 60 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ቦታውን ለቆ ቢሸሽ ተራው ይሄድበታል። በረንዳ ላይ የምታስተናግደው ሠራተኛ፣ በር ላይ የሚቆመው ጥበቃ፣ በአነስተኛ ኪዮስክ ጋዜጣ የሚሸጠው ሰው ደግሞ በቀን 8 ሰዓት እዚያው ናቸው። ሥራቸውን ትተው ካልሆነ በቀር የሚሸሹበት የላቸውም።

ስለዚህ ደንቡን “አላፊ አግዳሚውን ከካንሰር ለማዳን” ብሎ የሚያቀርብ የምክር ቤት አባል ራሱን ለትችት ያጋልጣል። ትችቱ ደግሞ ከትምባሆ ኩባንያዎች ብቻ አይመጣም። አውስትራሊያዊው ፕሮፌሰር ሳይመን ቻፕማን ዕድሜያቸውን ትምባሆን ሲታገሉ የኖሩ ናቸው፤ ሆኖም በሰፊ ሜዳ ላይ ማጨስን መከልከል ማስረጃው አይሸከመውም ብለው በይፋ ተከራክረዋል። የአሜሪካው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ሮናልድ ቤየርም በ2013 ከባልደረባቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ ለመናፈሻና ለባሕር ዳርቻ ክልከላ የሚቀርቡትን ሦስቱን ምክንያቶች ማለትም የሌላውን ሰው ጤና፣ የቆሻሻውን ጉዳይና ለሕፃናት የሚሰጠውን አርአያ መርምረው ማስረጃው ስስ ነው ብለዋል። በሌላ በኩል የዓለም ጤና ድርጅት የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት አባል አገራት በ2007 ባጸደቁት መመሪያ ደኅና የሚባል የጭስ መጠን እንደሌለ ሰፍሯል። የስምምነቱ አንቀጽ 8 ራሱ የቤት ውስጥ ሥራ ቦታዎችን፣ የሕዝብ ማመላለሻንና የቤት ውስጥ ሕዝባዊ ቦታዎችን ከዘረዘረ በኋላ “እንደ ሁኔታው ሌሎች ሕዝባዊ ቦታዎችን” ይጨምራል። መሃል ከተማው የሚወድቀው እዚህች “እንደ ሁኔታው” የምትለዋ ቃል ውስጥ ነው።

ሁኔታው ደግሞ የቆመ ሰው ያለበት ቦታ ነው፦ ፌርማታ፣ ሰልፍ፣ የሕንፃ መግቢያ፣ በረንዳ፣ የልጆች መጫወቻ፣ ጠባብ መተላለፊያ። ባዶ ሜዳ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ባይመጣም ብዙ አይጎዳም።

የሕንፃ መግቢያ ጉዳይ ራሱን የቻለ ነው። ትልልቅ ሕንፃዎች ከመጸዳጃና ከማዕድ ቤት አየር የሚያወጡ ማራገቢያዎች ስላሏቸው አንዳንዴ ከውጭ ይልቅ ውስጣቸው ያነሰ የአየር ግፊት ይኖራል። በር ሲከፈት አየሩ ወደ ውስጥ ይሳባል፤ በሩ ላይ የቆመው አጫሽ ጭስም አብሮ። ከዚህ የባሰው የሕንፃው አየር ማስገቢያ ፍርግርግ ነው። አንዳንዱ በእግረኛ መንገድ ከፍታ፣ ከኋላ በኩል ባለው ጭር ያለ መተላለፊያ ላይ ተገጥሟል። አጫሾች ከዋናው በር ሲባረሩ የሚሄዱት ወደዚያ ጭር ወዳለው መተላለፊያ ስለሆነ ጭሱ እስከ ላይኛው ፎቅ ይደርሳል። ርቀት የሚለካው ከበር ብቻ ሳይሆን ከሚከፈት መስኮትና ከአየር ማስገቢያም መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

ለደንቡ ሁለተኛው ጥሩ ምክንያት የሲጋራው ቁራጭ ነው። የሲጋራ ፊልተር ጥጥ ይመስላል እንጂ ሴሉሎስ አሲቴት የሚባል ፕላስቲክ ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ 4.5 ትሪሊዮን ያህል ቁራጭ በየሜዳው እንደሚጣል ይገመታል። በ2011 በወጣ የላቦራቶሪ ጥናት፣ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ የተዘፈዘፈ አንድ የተጨሰ ቁራጭ ያወጣው ፍሳሽ በሙከራው ከነበሩት ዓሦች ግማሽ ያህሉን ለመግደል በቅቷል። መሃል ከተማ ላይ የወደቀ ቁራጭ በዝናብ ጎርፍ መውረጃ ገብቶ ያለ ምንም ማጣሪያ ወንዝ ሊደርስ ይችላል። መጥረጊያም ብዙ አይረዳም፤ ቁራጩ በንጣፍ ድንጋዮች ስንጥቅ ውስጥ ይሰነቀርና በእጅ ካልተለቀመ አይወጣም።

ሜትር የሚቆጥር ደንብ ለምን መሃል ከተማ ላይ አይያዝም

አብዛኞቹ ከተሞች የጀመሩት “ከበር ይህን ያህል ሜትር ራቅ” በሚል ደንብ ነው። ቫንኩቨር 6 ሜትር ትላለች፤ የአሜሪካዋ ዋሽንግተን ግዛት 25 ጫማ፣ ማለትም 7.6 ሜትር ገደማ፤ የካናዳዋ ኦንታሪዮ ከምግብ ቤት በረንዳ 9 ሜትር። ተራርቀው በተሠሩ ሕንፃዎች ዘንድ ይህ ይሠራል። መሃል ከተማ ላይ ግን ሒሳቡ ይበላሻል።

90 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ ጎዳና እንውሰድ። 15 ሱቆች ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ 6 ሜትር ፊት ለፊትና መሃሉ ላይ አንድ በር አለው። የእግረኛው መንገድ ስፋት 4 ሜትር ነው። ከበሮች ሁሉ በጣም የራቀው ነጥብ በሁለት በሮች መሃል፣ በመንገዱ ጠርዝ ላይ ያለው ነው፦ ወደ ጎን 3 ሜትር፣ ወደ ፊት 4 ሜትር። ቀጥታ ርቀቱ 5 ሜትር ይሆናል። እንግዲህ “6 ሜትር ከበር” የሚለው ደንብ በዚህ ጎዳና ላይ አንድ ስንዝር የተፈቀደ ቦታ አልተወም። ደንቡ ይህን አይናገርም፤ አጫሹም አያውቅም። የሚያየው ከወጣበት በር ላይ የተለጠፈችውን ምልክት ነው፤ ስድስት ሰባት እርምጃ ራቅ ይልና ጎረቤቱ በር ላይ ይቆማል። ጎረቤትየው ይቆጣል፤ ደንብ አስከባሪው ሲመጣ ሁለቱም ልክ ነን ይላሉ።

ተቃራኒውም አለ። በር የሌለው 40 ሜትር ግድግዳ ያለው የባንክ ሕንፃ በዚያው መንገድ ላይ ካለ፣ የአካባቢው አጫሽ ሁሉ እዚያ ግድግዳ ሥር ይሰበሰባል። ፌርማታ የሚተከለው ደግሞ ብዙ ጊዜ በር በሌለበት ግድግዳ ፊት ነው።

ስለዚህ ደንቡን ማስፋት ማለት ሜትሩን ከ6 ወደ 10 ማሳደግ ሳይሆን ከክብ ወደ ክልል መሸጋገር ነው፤ “ከዚህ መንገድ እስከዚያ መንገድ” ማለት። ኒው ዮርክ በሜይ 2011 መናፈሻዎችን፣ የባሕር ዳርቻዎችንና እንደ ታይምስ ስኩዌር ያሉ የእግረኛ አደባባዮችን ስትከለክል ከመናፈሻ ጋር የሚዋሰነውን የጎዳና እግረኛ መንገድ ትታዋለች፤ ወሰኑ የመናፈሻው ጠርዝ ስለሆነ ማንም ያየዋል። ሲንጋፖር በጃንዋሪ 2019 የኦርቻርድ ጎዳናን አካባቢ በሙሉ ከጭስ ነፃ አድርጋ ማጨስ የሚቻለው በተመደቡ ነጥቦች ብቻ እንዲሆን ወሰነች። የቶኪዮዋ ቺዮዳ ወረዳ በ2002 በተመረጡ አካባቢዎች ጀምራ ደረጃ በደረጃ አሰፋች። ሜልበርን በ2013 አንዲት ጠባብ መተላለፊያ፣ ዘ ኮዝዌይን፣ በሙከራ ዘግታ ነው የጀመረችው። ግድግዳና ግድግዳ የተጋፈጡበት፣ ካፌ የሞላበት ጠባብ መተላለፊያ ለሙከራ ከሰፊ አደባባይ ይሻላል፤ ጭሱ እዚያ ስለሚታፈን ለውጡ በቀናት ውስጥ ይታያል።

ሚላን የሄደችበት መንገድ ለየት ይላል። በ2021 መናፈሻና ፌርማታ ላይ ጀመረች፤ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ክልከላውን ወደ ከተማዋ ደጅ ሁሉ አሰፋች፤ ከሌላ ሰው 10 ሜትር መራቅ በሚቻልበት ገለል ያለ ቦታ ካልሆነ በቀር። ሐሳቡ ከጭሱ ሳይንስ ጋር ይስማማል፤ የተለካው ከሰው ነውና። ችግሩ ሰው ይንቀሳቀሳል። ሲጋራውን ሲለኩስ ሕጋዊ የነበረው ሰው ሌላው ወደ እርሱ ስለመጣ ብቻ ጥፋተኛ ይሆናል። ብዙ እግረኛ ባለበት መሃል ከተማ ደንቡ በተግባር ሙሉ ክልከላ ነው፤ እንዲያ ከሆነ እንዲያ ብሎ መጻፉ ይቀል ነበር።

ክልሉ ሲሰመር የሚረሱ ነገሮች አሉ። ወሰኑ በመንገድ ጠርዝ ላይ እንጂ በይዞታ ካርታ መስመር ላይ አይሁን፤ የይዞታ መስመር በዓይን አይታይም። አንድ ጎዳና ከተካተተ ሁለቱም ጎኖቹ ይካተቱ፤ አለዚያ አጫሹ ተሻግሮ ይቆማል፣ ጭሱ ግን ወደ ክልሉ ተመልሶ ሊሻገር ይችላል። ወሰኑ መንገድ መሃል ላይ ሳይሆን መስቀለኛ ላይ ይውደቅ። በፌርማታ ላይ የሚለካው ከምልክት ዘንጉ ሳይሆን ሰልፉ ከሚደርስበት ጫፍ ነው፤ በሥራ መውጫ ሰዓት ሄዶ ሰልፉን በእርምጃ መለካት ያስፈልጋል። ረቂቁ ከመጽደቁ በፊት ክልሉን በእግር ሁለት ጊዜ መዞር ይገባል፦ አንዴ በምሳ ሰዓት፣ አንዴ በእኩለ ሌሊት አካባቢ። የሁለቱ ሰዓት አጫሾች የተለያዩ ናቸው፤ የሚቆሙበትም ቦታ እንዲሁ።

በጣም የሚያስቸግረው ደግሞ ሕዝብ የሚገለገልበት፣ ባለቤቱ ግን የግል የሆነ ክፍት ቦታ ነው፤ የቢሮ ሕንፃ ፊት ያለ ንጣፍ ወይም በገበያ ማዕከል መካከል ያለ አደባባይ። የከተማው ደንብ የከተማውን መሬት ብቻ የሚገዛ ከሆነ፣ በክልሉ መሃል ሕጋዊ የማጨሻ ደሴት ይፈጠራል። መፍትሔው ደንቡ “ለሕዝብ ክፍት የሆነ ቦታ ሁሉ፣ ባለቤቱ ማንም ይሁን” እንዲል ማድረግ ነው፤ የከተማው ሥልጣን እዚያ ድረስ ካልሄደ ከባለንብረቶቹ ጋር የጽሑፍ ስምምነት መፈራረም። ሥልጣኑን ቀድሞ ማጣራትም የግድ ነው፤ በአንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች ከተሞች ከግዛቱ ሕግ የጠበቀ የማጨስ ደንብ እንዳያወጡ ተከልክለዋል።

“ማጨስ” ማለት ምን ማለት ነው?

የደንቡ ቁልፍ አንቀጽ ትርጓሜው ነው። “ጭስ መሳብ” ብቻ ካለ የተለኮሰ ሲጋራ በእጁ የያዘ ሰው “እየሳብኩ አይደለም” ይላል፤ ልክም ነው። “የተለኮሰ ወይም የጋለ የትምባሆ ውጤት መሳብ፣ መያዝ ወይም መቆጣጠር” የሚለው አገላለጽ ይህን ይዘጋል። ሺሻ በስም ይጠቀስ። ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን በተመለከተ ከተሞች ተለያይተዋል። ስዊድን በ2019 የምግብ ቤት በረንዳዎችን፣ የባቡር መሳፈሪያዎችንና የልጆች መጫወቻዎችን ስትዘጋ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራንም አካትታለች፤ ሚላን እና በ2025 መናፈሻንና ፌርማታን የከለከለችው ፈረንሳይ ትተውታል። የጤናው ክርክር ለብቻው ይቀመጥና፣ ደንብ የሚያስከብረው ሰው ከ20 ሜትር ርቀት የሚያየው ጉም የትኛው እንደሆነ አይለይም። ሁለቱን አንድ ላይ መከልከል ለእርሱ ሥራ ያቀልለታል፤ ሲጋራ ለማቆም ወደ ኤሌክትሮኒኩ የዞረውን ሰው ግን ከአጫሾች መሃል መልሶ ያቆመዋል። ይህን ዋጋ አውቆ መክፈል ያስፈልጋል።

በረንዳ ሌላ ትርጓሜ ይፈልጋል። ጣሪያ፣ ሁለት ግድግዳና በብርድ ጊዜ የሚወርድ የላስቲክ መጋረጃ ያለው በረንዳ ደጅ ነው ወይስ ቤት? እንግሊዝ ከ2007 ጀምሮ ጣሪያ ያለውና ከግድግዳው ክፍት የሆነው ከግማሽ በታች የሆነ ቦታ “በአመዛኙ የተዘጋ” ነው ትላለች፤ እዚያ ማጨስ አይፈቀድም። ክፍት ስፋት ሲለካ የሚዘጋ መስኮትና በር እንደ ክፍት አይቆጠርም። መጋረጃውም እንደዚያው መታየት አለበት፤ ተቆጣጣሪው በመጣበት ሰዓት ተሰብስቦ መገኘቱ ምንም አያረጋግጥም።

ምልክትና መተርኮሻ

“ማጨስ ክልክል ነው” የሚል ምልክት ብቻውን ግማሽ መረጃ ነው። የት ድረስ? የትስ ይቻላል? የሚሠራው ምልክት ሦስት ነገር ይላል፦ ክልሉ ከየት እስከ የት እንደሆነ፣ ቅጣቱ ስንት እንደሆነ፣ ቅርቡ ማጨሻ በስንት ሜትርና በየት በኩል እንደሆነ። በየመግቢያው መስቀለኛ ላይ አንድ፣ ከዚያ ከ30 እስከ 40 ሜትር ባለ ርቀት አንድ አንድ፣ በእያንዳንዱ ፌርማታና አግዳሚ ወንበር አጠገብ አንድ። ከ10 ሜትር የሚነበብ ፊደል ቢያንስ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ቁመት ይፈልጋል። ቺዮዳ ምልክቱን መሬት ላይም አስፍራለች፤ አጫሽ ሲጋራውን ሲለኩስ ዓይኑ ወደ ታች ስለሆነ ጥሩ ሐሳብ ነው። የመሬት ቀለም ግን ሰው በሚበዛበት ቦታ ቶሎ ይለቃል፤ እድሳቱ ከመጀመሪያው በጀት ውስጥ ካልገባ በሁለተኛው ዓመት ደንቡም አብሮት የለቀቀ ይመስላል።

ከምልክቱ በላይ የሚናገረው ግን መተርኮሻው ነው። በብዙ ከተሞች የቆሻሻ ማጠራቀሚያው አናት ላይ መተርኮሻ ተገጥሟል። ክልሉ ከታወጀ በኋላ ያ መተርኮሻ እዚያው ከቀረ ምልክቱ “አታጭስ” ሲል ዕቃው “እዚህ አጭስ” ይላል፤ ሰውም ዕቃውን ያምናል። ቀድሞ በችኮላ ከተነሣ ደግሞ ቁራጩ መሬት ላይ ይወድቃል፤ ወይም ሳይጠፋ ወረቀት የሞላበት ማጠራቀሚያ ውስጥ ይገባና ከውስጥ መጨስ ይጀምራል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይሻላል። መጀመሪያ ምልክቱ ይሰቀላል። በዚያው ሳምንት አዲስ መተርኮሻ ከወሰኑ ውጭ፣ ሰው ወደ ክልሉ ሊገባ ሲል ሲጋራውን የሚያጠፋበት ቦታ ላይ ይተከላል። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ የውስጦቹ ይነሣሉ፤ ሲነሡም አናታቸው ላይ ቀዳዳው ባዶ ሆኖ አይቀር፣ በክዳን ይዘጋ።

የማጨሻ ነጥቦች ርቀት የሚወሰነው በሠራተኛው እረፍት ነው። አሥር ደቂቃ እረፍት ያለው ሰው ስድስቱን ደቂቃ በሲጋራው ያጠፋል ብንል ለመሄድና ለመመለስ አራት ደቂቃ ይቀረዋል። ሁለት ደቂቃ በእግር 150 ሜትር ገደማ ነው። ነጥቡ ከዚያ ከራቀ አይሄድም፤ ጥግ ፈልጎ ያጨሳል። ነጥቡ ከበር፣ ከፌርማታ፣ ከመኖሪያ ቤት መስኮትና ከአየር ማስገቢያ ቢያንስ 10 ሜትር ይራቅ፤ መሬቱ ላይ በቀለም ይታጠር። ስፋቱ በምሳ ሰዓት በሚቆጠረው አጫሽ ልክ ነው፤ 20 ሰው ከሆነ 20 ካሬ ሜትር ያህል። ከሦስት ጎን አጥሮ ጣሪያ መግጠም ዝናቡን ይከላከላል፣ ጭሱንም ያፍናል፤ መተርኮሻውን የሚያራግፈው የጽዳት ሠራተኛ ያንን ሁሉ ይተነፍሰዋል። ጣሪያ ካስፈለገ ግድግዳ አይኑረው፤ ጽዳቱም ማለዳ፣ አጫሽ ከመምጣቱ በፊት ይሁን።

ቅጣቱን ማን ይጽፋል?

የቅጣት መጠን ከከተማ ከተማ በጣም ይራራቃል። ቺዮዳ በተግባር የምታስከፍለው 2,000 የን ነው፤ ባርሴሎና በ2022 በባሕር ዳርቻዎቿ ላይ 30 ዩሮ፤ ኒው ዮርክ ስትጀምር 50 ዶላር፤ ሚላን ከ40 እስከ 240 ዩሮ፤ ፈረንሳይ 135 ዩሮ። ሲንጋፖር 200 የሲንጋፖር ዶላር ታስከፍላለች፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ጥፋተኛ የተባለ እስከ 1,000 ሊደርስበት ይችላል።

ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ትምህርት የሚገኘው ከቺዮዳ ነው ብለን እናምናለን። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን በየመንገዱ የሚዘዋወሩ ተቆጣጣሪዎች አሉ፤ ቅጣቱም እዚያው ይጻፋል። ትልቅ ቅጣት በተቃራኒው ደንብ አስከባሪውን ራሱን ያስፈራዋል፤ ለአንድ ሲጋራ ይህን ያህል ብር ጽፎ ከሰው ጋር ከመጨቃጨቅ አይቶ እንዳላየ ማለፍን ይመርጣል። ጥፋቱም ቢሆን በሰከንድ የሚጠፋ ነው፤ ሲጋራው መሬት ላይ ተረግጦ ሲያበቃ “መቼ አጨስኩ” ይባላል። ስለዚህ ተቆጣጣሪው ሰዓቱን፣ ትክክለኛውን ቦታና ያየውን በአጭሩ የሚሞላበት ቅጽ ያስፈልገዋል፤ በአቅራቢያው ያለው ምልክት ቁጥር ካለው ቁጥሩንም ይመዝግብ። “ምልክት አላየሁም” የሚለውን ይግባኝ የሚመልሰው እርሱ ነው።

ሰዓትም አለ። ቢሮ ሰዓት ብቻ የሚሠራ ተቆጣጣሪ ከምሽት ቤቶች የሚወጣውን አጫሽ አያገኘውም። አምስት ተቆጣጣሪዎችን በየቀኑ ከማዞር በሳምንት ሁለት ምሽትና ሦስት የምሳ ሰዓት ላይ ማሰማራት ይበልጥ ይታያል። ሲንጋፖር ኦርቻርድ ላይ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ያለ ቅጣት፣ በምክር ብቻ አሳልፋለች፤ ሦስት ወር ልክ የሆነ ጊዜ ይመስላል። ምክሩ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ከዘለቀ ሰው ቅጣቱ የማይመጣ መሆኑን ይማራል።

አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀራል። ጎዳና ላይ የሚኖር ሰው የሚያጨስበት ሌላ ቦታ የለውም፤ ቤቱ ያ ከጭስ ነፃ የተባለው አደባባይ ነው። ለእርሱ የሚጻፍ ቅጣት አይከፈልም፤ ይጠራቀምና ሌላ ጣጣ ይሆንበታል፤ የፍርድ ቤት ጥሪ፣ ከዚያም አልፎ እስር። ደንቡ በመክፈል ፈንታ የማጨስ ማቆሚያ ምክር መከታተልን የሚፈቅድ አንቀጽ ቢኖረው፣ ባለመክፈል ብቻ ማንም እንዳይታሰርም በግልጽ ቢጻፍ ይህ ጣጣ በእጅጉ ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ ማየት የሚገባው የቅጣቱን መዝገብ ነው፤ አብዛኛው ደረሰኝ ለተመሳሳይ ሃያ ሰዎች ከተጻፈ ደንቡ ሌላ ሥራ እየሠራ ነው።

በረንዳዎችና የነጋዴው ሥጋት

የምግብ ቤት ባለቤቶች ሁልጊዜ የሚያነሡት “ደንበኛዬ ይሸሻል” የሚለውን ነው። ስለ ቤት ውስጥ ክልከላ ጉዳዩ ተዘግቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2009 ያወጣው ግምገማ የምግብና የመጠጥ ቤቶች ገቢ በክልከላው እንዳልቀነሰ ደምድሟል። ስለ በረንዳ ያለው ማስረጃ የዚያን ያህል አይደለም፤ ፖለቲከኞችም ያውቁታል። ስዊድን ደፍራ ገባችበት። ፈረንሳይ ዘለለችው። ብሪታንያ በ2024 የመጠጥ ቤቶችን ደጅ ለመዝጋት ያሰበችው ሐሳብ በኦገስት ሾልኮ ወጥቶ ጫጫታ ካስነሣ በኋላ በኖቬምበር ተወችው፤ የልጆች መጫወቻ፣ የትምህርት ቤትና የሆስፒታል ደጅ ግን በዕቅዱ ቀሩ።

አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው። በረንዳን በከፊል መከልከል ነጋዴን ከነጋዴ ያጣላል። አንዱ ጎዳና ክልል ውስጥ፣ ቀጣዩ ውጭ ከሆነ አጫሹ ደንበኛ 50 ሜትር ሄዶ ሌላ ካፌ ይቀመጣል። በረንዳ የሚካተት ከሆነ በአንድ ቀን፣ በመሃል ከተማው ሁሉ ይካተት።

ከዓመት በኋላ ምን ይቆጠራል?

ደንቡ ሠርቷል አልሠራም የሚለው ክርክር ያለ ቁጥር ማለቂያ የለውም፤ ቁጥሩም ከአዋጁ በፊት ካልተያዘ ወደ ኋላ ተመልሶ አይገኝም። ርካሹና አስተማማኙ ዘዴ ቁራጭ መቁጠር ነው። በክልሉ ውስጥ ስድስት፣ ከወሰኑ ውጭ እስከ 100 ሜትር ድረስ ሌላ ስድስት ቦታ ይመረጥ፤ እያንዳንዱ 10 ሜትር ርዝመት። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በደንብ ይጠረግ፤ በዚያው ቀን ማታ አንድ ሰዓት ላይ ይቆጠር። በተመሳሳይ የሳምንቱ ቀናት፣ ከአዋጁ በፊት ለአራት ሳምንታት፤ ከዚያ በአንደኛው፣ በስድስተኛውና በአሥራ ሁለተኛው ወር። ዝናብ የጣለበት ቀን አይቆጠር፤ ጎርፉ ወስዶታል።

የአየር መለኪያ መሣሪያ የሚያምሩ ሥዕሎችን ይሰጣል፤ ያሳስታልም። በእጅ የሚያዙት መሣሪያዎች ብናኝን የሚለኩት በብርሃን ነጸብራቅ ስለሆነ እርጥበት ባለበት አየር ከፍ አድርገው ያነባሉ። ፋብሪካው ያስተካከላቸው በአቧራ ነው፤ ለሲጋራ ጭስ ንባቡ ሦስት እጥፍ ገደማ ስለሚጋነን በ0.3 አካባቢ ይባዛል። መሃል ከተማ ላይ ደግሞ የአውቶቡስ ጭስ ሁሉንም ይሸፍነዋል። መሣሪያው የሚጠቅመው በረንዳ ላይ፣ ከጎኑ ካለ ጭስ የሌለበት ቦታ ጋር በአንድ ጊዜ ሲነጻጸር ነው።

ሲቆጠር መጀመሪያ መታየት ያለበት የውጩ ረድፍ ነው። በክልሉ ውስጥ ቁራጩ በግማሽ ቀንሶ ከወሰኑ ውጭ ባሉት ስድስት ቦታዎች በዚያው ልክ ከጨመረ ጭሱ ተገፍቶ ወደ ሌላ ሰው ደጃፍ ሄዷል፤ ምናልባትም ሰዎች ወደሚኖሩበት መስኮት ሥር። ያኔ የሚደረገው ቅጣት መጨመር አይደለም። የማጨሻው ነጥብ ከወሰኑ ጥግ ተነሥቶ ወደተሻለ ቦታ ይዛወር፤ ከአንድ ወር በኋላም ያው አሥራ ሁለት ቦታ እንደገና ይጠረግና ይቆጠር።